ቀለሙን ማን ይከፍላል? ከስቴንስል እስከ ቤት ፕሪንተር

የዛሬው ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ብታነቡት ይሻላል። ግማሹ ታሪክ ነው፣ ግማሹ ደግሞ ይቅርታ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ አንዲት የድሮ ተማሪዬ ደወለችልኝ። የምትሠራበት ድርጅት ሠራተኛ ሲቀንስ ከወጡት አንዷ ነበረች። በእጇ በቀረችው የስንብት ገንዘብ ቤቷ ውስጥ ትንሽ ሥራ ልትጀምር አስባለች፦ ሲቪ መጻፍ፣ ማመልከቻ መተየብ፣ መታወቂያ ኮፒ ማድረግ፣ ለኮንዶሚኒየሙ ልጆች ወርክሺት ማተም። «ጋሼ፣ ፕሪንትም ስካንም ኮፒም የሚያደርገውን ሦስት በአንድ ልገዛ ነው። የቱ ይሻለኛል ይላሉ?» አለችኝ። ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ሳላስብ፣ «ሁሉም ያው ነው ልጄ፤ ርካሹን ግዢና የተረፈሽን ገንዘብ ያዢ» አልኳት።

ከአምስት ወር በኋላ ለቅሶ ቤት ተገናኘን። ድንኳን ውስጥ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ሥራው እንዴት ነው ስላት፣ «ጋሼ፣ ያ ፕሪንተር እኮ በላኝ» አለች። እየሳቀች ነው የነገረችኝ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። ለማሽኑ ካወጣችው ይበልጥ ለካርትሪጅ አውጥታለች። ደንበኛ ሲመጣ ደስ ሊላት ሲገባ፣ «አሁን ቀለሙ ሊያልቅ ነው» እያለች ትሳቀቅ ነበር። ቀጥላም እንዲህ አለችኝ፦ «ክፍል ውስጥ ‹ማን ተጠቀመ? ማን ከፈለ? ብላችሁ ጠይቁ› ይሉን አልነበር? እኔ እኮ ሳልጠይቅ ቀረሁ።»

እሷ በጨዋነት ነው በራሷ ላይ ያደረገችው። ያልጠየቀው እኔ ነኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት ታሪክ አስተምሬ፣ ዕቃ ሲገዛ ግን ታሪክ እንዳለው ረሳሁ።

ባለፈው ሳምንት እንደገና ደወለች፤ ማሽኑን ልትቀይር ነው። በዚህኛው ጊዜ «ቆይ፣ ጊዜ ስጪኝ» አልኳት። ቁጭ ብዬ አነበብኩ፣ ጠየቅኩ፣ አሰላሁ። ስሟን እንዳልጠራ ተስማምተን፣ መልሱን ለሁላችሁም እንዲሆን እዚህ ልጽፈው ፈቀደችልኝ። (ዓ.ም. ያልኩት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የቀሩት ዓመቶች ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው።)

*

ከቃሉ ልጀምር። በቋንቋችን «ቀለም» ማለት መጻፊያው ብቻ አይደለም፤ ፊደሉም ነው፣ ትምህርቱም ነው። የተማረውን «ቀለም የቀመሰ» እንላለን፣ ጎበዟን ተማሪ «ቀለሜዋ» እንላታለን። ይህ ያለ ምክንያት አልመጣም። በድሮው ጊዜ ቀለም ማግኘት ራሱ ሥራ ነበር። ቁም ጸሐፊው ጥቁሩን ከጥላሸትና ከተቆላ እህል እያዘጋጀ፣ አስታምሞ አብስሎ፣ ቀዩን ደግሞ ለቅዱሳን ስምና ለአርእስት እየቆጠበ ይጽፍ ነበር። አንድ ዳዊት ለመጨረስ ወራት ይፈጃል። ቆዳው፣ ቀለሙ፣ የጸሐፊው ቀለብ፣ ሁሉም ወጪ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ወጪው ግልጽ ነበር። መጽሐፍ የሚያጽፈው ሰው ምን እንደሚከፍል ከመጀመሪያው ያውቃል። የተደበቀ ነገር የለም።

ፊደላችን ማተሚያ ቤት የገባው ከአገሩ ውጭ ነው። በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ሮም ውስጥ የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት አሳተመ፤ በግዕዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ እሱ ነው። በ1548 እና 1549 ደግሞ የእኛው ሰው አባ ተስፋ ጽዮን እዚያው ሮም አዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። አገር ቤት ግን ማተሚያ ሥር እስኪሰድ ገና ብዙ ዘመን ቀረ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በምኒልክ ከተማ የወጣችው «አእምሮ» ጋዜጣ እንኳ ስትጀመር በእጅ እየተገለበጠች ነበር፤ ማባዣ የመጣላት ኋላ ነው። ራስ ተፈሪ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን ያቋቋሙት በ1921 ነው።

እስከዚህ ድረስ ማባዛት የቤተ ክህነት ወይም የቤተ መንግሥት ጉዳይ ነበር። ተራ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ወረቀት ማባዛት የሚባል ነገር አያስብም። ይህን የቀየረው ትልቁ ማተሚያ ቤት ሳይሆን፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ አንድ ቀላል ማሽን ነው።

*

በ1870ዎቹና በ1880ዎቹ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቶማስ ኤዲሰን በ1876 ወረቀት እየበሳ የሚጽፍ የኤሌክትሪክ ብዕር አስመዘገበ። ለንደን ውስጥ ደግሞ ከሃንጋሪ የሄደው ዴቪድ ጌስቴትነር በ1881 ሰም የተቀባ ወረቀት ላይ የሚጽፍ መሣሪያ አስመዘገበ። ሐሳቡ አንድ ነው፦ ሰሙን ብሳው፣ ቀለሙ በቀዳዳው ይለፍ፣ ከሥር ያለው ወረቀት ላይ ይታተም። በ1887 ቺካጎ ላይ ኤ ቢ ዲክ የኤዲሰንን መብት ይዞ «ሚሚዮግራፍ» ብሎ ለገበያ አቀረበው። እኛ «ስቴንስል» እና «ማባዣ» ያልነው እሱን ነው።

በእድሜ የምትቀርቡኝ ታስታውሱታላችሁ። ታይፒስቷ የታይፕራይተሩን ሪባን ታነሳለች፤ ፊደሉ በቀጥታ ሰሙን እንዲመታው። ስህተት ከሠራች ያችን እንደ ጥፍር ቀለም ያለች ፈሳሽ ቀብታ፣ እፍ ብላ አድርቃ፣ እንደገና ትመታለች። ከዚያ ስቴንስሉ ከበሮው ላይ ይለጠፋል፣ እጀታው ይዞራል፣ ወረቀቱ እርጥብ እርጥብ እያለ ይወጣል። የአማርኛ ታይፕራይተሩ ራሱ የነአቶ አያና ብሩ ድካም ውጤት መሆኑን አትርሱ። ከሁለት መቶ በላይ የሆነውን ፊደል እየቆራረጡና እየገጣጠሙ ጥቂት ቁልፎች ላይ ለማሳረፍ የታገሉት በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ነው።

እኔ ማስተማር የጀመርኩት በ1979 ዓ.ም. ነው፣ ከአዲስ አበባ ርቃ በምትገኝ የወረዳ ከተማ። ትምህርት ቤታችን ማባዣ ነበረው። ማሽኑ አልነበረም ችግራችን፤ ለዓመታት ሳይሰበር ያገለግላል። ችግራችን ስቴንስሉና ቀለሙ ነበር። ስቴንስል በቁጥር ነው የሚሰጠን። ለማጠቃለያ ፈተና ብቻ ይፈቀዳል፤ ለመለስተኛ ፈተና ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን። ከሰባ በላይ ተማሪ በነበረበት ክፍል ኋላ የተቀመጠው ልጅ «1896» ይሁን «1890» አይለየውም። ዐይኑ የደከመ ልጅ ሁሉ በታሪክ ሰነፍ ተብሎ ቀረ። አንድ ልጅ አስታውሳለሁ፤ ሁልጊዜ ዝቅተኛ ያመጣ ነበር። የዓመቱ መጨረሻ ፈተና በስቴንስል ታትሞ እጁ ሲገባ ግን ከክፍሉ ሦስተኛ ወጣ። ያን ቀን ነው የገባኝ። አንድ ወረቀት የማባዛት አቅም ማጣት የልጅ ዕጣ ይወስናል።

ያን ጊዜ ያልገባኝ ግን ሌላው ነገር ነው፦ ማሽን አለን ማለት ማባዛት እንችላለን ማለት አልነበረም። የማባዛቱ ቁልፍ ያለው ማሽኑ ውስጥ ሳይሆን በሚያልቀው ነገር ውስጥ ነው፤ በስቴንስሉና በቀለሙ።

ስለ ማባዣ ሳወራ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ታሪክ አስተማሪ አይደለሁም። በአብዮቱ ዘመን እነ «ዴሞክራሲያ» በድብቅ ይባዙ የነበሩት በዚህ ዓይነት መሣሪያ ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ ማባዣ ቤት ውስጥ መገኘት ለእስር፣ ለሞትም የሚያበቃ ነገር ነበር። ዛሬ ልጆቻችን ለአሳይመንት ሽፋን ባለ ቀለም አበባ የሚያትሙበት ዕቃ፣ አንድ ትውልድ በፊት የሚደበቅ ነገር ነበር። እንዲህ ነው ዘመን።

*

አሁን ወደ ኒው ዮርክ እንሂድ። ቼስተር ካርልሰን የሚባል፣ በፓተንት ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው ነበር። ሥራው ሰነድ መገልበጥ ይበዛበታል፤ እጁን ደግሞ ቁርጥማት ያሠቃየዋል። «ለምን ማሽን አይገለብጠውም?» ብሎ ተነሳ። ጥቅምት 22 ቀን 1938 አስቶሪያ በሚባል ሰፈር፣ በተከራያት ክፍል ውስጥ፣ ከረዳቱ ከኦቶ ኮርናይ ጋር ድኝ የተቀባ የዚንክ ሳህን በጨርቅ አሽቶ ኤሌክትሪክ ሞላው። በብርሃን የጽሑፉን ምስል ጣለበት፣ ዱቄት ነሰነሰበት፣ ወደ ሰም ወረቀት አስተላለፈው። «10-22-38 አስቶሪያ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ዛሬ ፎቶ ኮፒ ቤት የምናየው ሁሉ፣ ሌዘር ፕሪንተሩም ጭምር፣ የዚያች ክፍል ልጅ ነው።

ትልልቆቹ ኩባንያዎች ለዓመታት አንፈልግም አሉት። በመጨረሻ የፎቶ ወረቀት ይሸጥ የነበረ ሃሎይድ የሚባል አነስተኛ ድርጅት ያዘው፤ ኋላ ስሙን ዜሮክስ አለ። በ1959 ዜሮክስ 914 ወጣ። ክብደቱ ወደ 300 ኪሎ ይጠጋል። አንዳንዴ ወረቀት ስለሚያቃጥል ከእሳት ማጥፊያ ጋር ነበር የሚመጣው!

ማሽኑ ውድ ነው፣ ማን ይገዛዋል? ዜሮክስ ያገኘው ዘዴ ግን ከማሽኑ ያልተናነሰ ፈጠራ ነው፦ አትግዙት፣ ተከራዩት። በወር 95 ዶላር፣ 2,000 ቅጂ በነጻ፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ቅጂ ጥቂት ሳንቲም። ደንበኛው «2,000 ለወር ይበቃኛል» ብሎ ወሰደ። ማሽኑ ቢሮ ውስጥ ገብቶ አንድ ቁልፍ በመጫን ብቻ መገልበጥ ሲቻል ግን፣ ብዙዎች 2,000ውን በአንድ ቀን ይጨርሱት ጀመር። ዜሮክስ ሀብታም የሆነው ማሽን ሸጦ አይደለም። ሳንቲም ለቅሞ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የጌስቴትነር ስቴንስልም ሆነ የዜሮክስ ሳንቲም አንድ ነገር ነው የሚነግሩን። የማባዣ ማሽን በረከሰ ቁጥር ወጪው አይጠፋም፤ ቦታ ይቀይራል። ብልህ ገዢ «ስንት ነው?» ብቻ አይልም፤ «ወጪው የት ሄደ?» ይላል።

*

ቀጥሎ የመጣው የቤት ፕሪንተር ነው። ጋሪ ስታርክዌዘር የተባለ የዜሮክስ መሐንዲስ በ1971 ፎቶ ኮፒ ማሽንን በሌዘር እንዲጽፍ አደረገው፤ ሌዘር ፕሪንተር ተወለደ። በ1984 ኤች ፒ በካነን ሞተር ላይ የተሠራውን ሌዘርጄት በ3,495 ዶላር አወጣ። ለቢሮ ርካሽ ነው፣ ለቤት ግን አይታሰብም።

ለቤት የሆነው ሌላው መንገድ ነው፤ ፈሳሽ ቀለም እየረጨ የሚጽፈው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ካነን ውስጥ አንድ ተመራማሪ የጋለ ብየዳ ብረት ሳያስበው የቀለም መርፌ ነካበት፤ ቀለሙ ከመርፌው ጫፍ ፊን ብሎ ወጣ። ሙቀት አረፋ ይፈጥራል፣ አረፋው ጠብታ ይገፋል። ኤች ፒም በዚያው ሰሞን በራሱ መንገድ እዚያው ሐሳብ ላይ ደረሰ። ኤፕሰን ደግሞ ሙቀት ትቶ፣ ኤሌክትሪክ ሲነካው ቅርጹን በሚቀይር ክሪስታል ጠብታውን ይገፋል። ይህ ልዩነት የፈረንጅ ወሬ እንዳይመስላችሁ፣ ኋላ ለምርጫችን ይጠቅመናል። በሙቀት ከሚሠሩት ብዙዎቹ የሚረጨውን ጭንቅላት ካርትሪጁ ላይ ይሠሩታል፤ ካርትሪጅ ሲቀየር ጭንቅላቱም ይቀየራል። በኤፕሰን ግን ጭንቅላቱ ማሽኑ ላይ ቋሚ ነው፤ ቢደፈን መድኃኒቱ ከባድ ነው።

በ1988 ኤች ፒ ዴስክጄትን በ995 ዶላር አወጣ። በ1994 ደግሞ ፕሪንተር፣ ፋክስና ኮፒ በአንድ ሳጥን ያደረገ ኦፊስጄት መጣ፤ የዛሬው «ሦስት በአንድ» ከዚያ መስመር ነው የመጣው። ከዚያ ወዲያ ዋጋው እየተንሸራተተ ከ100 ዶላር በታች ወረደ። ደስ አይልም? ደስ ይላል። ግን ጥያቄያችንን እንድገመው፦ ወጪው የት ሄደ?

ካርትሪጁ ውስጥ ገባ። ማሽኑ በትንሽ ትርፍ፣ አንዳንዴም ያለ ትርፍ ይሸጣል፤ ትርፉ በየወሩ ከሚገዛው ቀለም ይለቀማል። ሰው ይህን ሲነቃበት ባዶ ካርትሪጅ በመርፌ መሙላት ጀመረ፤ የእኛ አገር ጥገና ቤቶችም በዚህ የተካኑ ናቸው። አምራቾቹ ደግሞ ካርትሪጁ ላይ ቺፕ አደረጉ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሌክስማርክ በ2002 ቺፑን የገለበጠውን ድርጅት ከሰሰ፣ አልቀናውም። በ2017 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ አምራቹ ካርትሪጁን አንዴ ከሸጠ በኋላ በፓተንት መብት ተከራክሮ ማስሞላት መከልከል አይችልም ብሎ ወሰነ። ሕጉ እንዲህ ይበል እንጂ ቺፑ ሥራውን ቀጠለ። በመስከረም 2016 ብዙ የኤች ፒ ደንበኞች ማሽናቸው እስከ ትናንት የተቀበለውን የሌላ ድርጅት ካርትሪጅ ዛሬ አልቀበልም ሲል አገኙት፤ በውስጡ ያለው ሶፍትዌር በቀጠሮ ነው የዘጋው።

*

አሁን የታሪኩ ደስ የሚለኝ ክፍል መጣ። ይህን ጨዋታ የቀየረው ሀብታም ገዢ አይደለም፤ ገንዘብ ያጠረው ገዢ ነው።

ኢንዶኔዢያንና መሰል አገሮች ውስጥ ሰው ካርትሪጁን መግዛት ሲከብደው ማሽኑን ቀዳው። በጎኑ የቀለም ጠርሙስ አስቀመጠ፣ በቀጭን ቱቦ ከካርትሪጁ ጋር አገናኘው፣ ቀለም በጅምላ እየገዛ ማተም ጀመረ። ፎቶ ቤቱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ኮፒ ቤቱም እንዲሁ አደረገ። አምራቹ ማሽኑን በርካሽ ሸጦ ቀለሙ ላይ ሊያገኘው ያሰበው ገንዘብ ቀረበት። ኤፕሰን ከሰው ጋር ከመጣላት ይልቅ በ2010 እዚያው ኢንዶኔዢያ ውስጥ ታንከር ያለው ፕሪንተር ራሱ አወጣ፤ የኤል ተከታታይ የምንለውን። ማሽኑ ከበፊቱ ውድ፣ ቀለሙ ግን በጠርሙስ፣ ርካሽ። ለአሜሪካ ገበያ የደረሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ካነንና ኤች ፒም ተከተሉ።

አያችሁ? ወጪው ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ፊት ለፊት የሚታይ ሆነ። ልክ እንደ ቁም ጸሐፊው ዘመን።

ግን ታሪክ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ከ2013 ጀምሮ በአንዳንድ አገር ቀለሙን በወርሃዊ ክፍያ የሚያቀርብ አገልግሎት አለ። የሚከፈለው በታተመው ገጽ ብዛት ነው። ክፍያው ከተቋረጠ በዚያ ውል የተላከው ካርትሪጅ ቀለም እያለው ማተም ያቆማል። በ1959 ዜሮክስ ያደረገውን ታስታውሳላችሁ? ዞሮ ዞሮ እዚያው።

*

እሺ፣ ለተማሪዬ የሰጠኋት መልስ ምንድነው? ዋጋ በየሰሞኑ ስለሚለዋወጥ የብር ቁጥር አልጽፍም፤ ስሌቱን ግን እነሆ።

በወር 200 ገጽ ታትሚያለሽ እንበል። በሦስት ዓመት 7,200 ገጽ ነው። አሁን ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን «ስንት ገጽ ያትማል» የሚለውን ቁጥር እይ።

አነስተኛው ካርትሪጅ 120 ገጽ የሚል አለ። 7,200 ለ120 ሲካፈል 60 ካርትሪጅ ነው። ስድሳ!
የተለመደ አነስተኛ የሌዘር ቶነር 1,600 ገጽ ይላል። 5 ቶነር ይበቃል።
የታንከር ፕሪንተር ጥቁር ጠርሙስ 4,500 ገጽ የሚል አለ። 2 ጠርሙስ ይበቃል።

ስድሳ፣ አምስት፣ ሁለት። ሱቅ ስትሄጂ የእያንዳንዱን ዋጋ ጠይቀሽ በነዚህ አባዢው፣ የማሽኑን ዋጋ ደምሪበት። ያኔ «ርካሽ» የሚባለው የቱ እንደሆነ ራስሽ ታይዋለሽ። (የሳጥኑ ቁጥር ለቀለል ያለ ጽሑፍ የተለካ ነው፤ ፎቶ ካበዛሽ ቶሎ ያልቃል። ከአዲስ ማሽን ጋር የሚመጣው ቶነር ወይም ካርትሪጅም ብዙ ጊዜ ሙሉ አይደለም።)

ከስሌቱ ሌላ፣ የእኛ አገር ኑሮ የሚጨምረው ነገር አለ፦

መብራት። ሌዘር ዱቄቱን በሙቀት አቅልጦ ነው ወረቀት ላይ የሚያጣብቀው፤ ሲሞቅ ብዙ መቶ ዋት ይስባል። አነስተኛ ዩፒኤስ ወይም ኢንቨርተር አይችለውም። የቀለም ፕሪንተር ግን ከአንድ አምፖል ብዙም የማይበልጥ ነው የሚፈልገው። መብራት በየቀኑ በሚጠፋበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መድረቅ። የሌዘር ዱቄት አይደርቅም፤ ሁለት ወር ብትተይው ተነስቶ ያትማል። ፈሳሽ ቀለም ግን ሥራ ሲፈታ ጭንቅላቱ ላይ ይደርቃል። ስለዚህ ታንከር ከገዛሽ በሳምንት አንዴ ቢያንስ አንድ ባለ ቀለም ገጽ አትሚ። ደግሞ ሁልጊዜ በራሱ ቁልፍ አጥፊው። ከሶኬት ከነቀልሽው ጭንቅላቱ መክደኛው ላይ ሳያርፍ ይቀርና ይደርቃል።

የሚፈሰው ቀለም። ማሽኑ ጭንቅላቱን ባጠበ ቁጥር ቀለሙን ውስጡ ወዳለ ስፖንጅ ያፈሳል። ስፖንጁ ሲሞላ ማሽኑ ይቆማል። «ማጠቢያውን» እየደጋገሙ መጫን ቀለምም ዕድሜም ይበላል። ከመግዛትሽ በፊት ስፖንጁ በቀላሉ የሚቀየር መሆኑን ጠይቂ።

ውሃ። አንዳንዱ ጥቁር ቀለም ጠብታ ሲነካው ይፈሳል። ደንበኛ ዝናብ ላይ ይዞት የሚሄደው ማስረጃ ከሆነ ይህ ያሳፍራል። የሌዘር ጽሑፍ ውሃ አይፈራም።

ከውጭ የሚላክ። ወንድም እህት ያላችሁ፣ «ከአሜሪካ ልላክልሽ» ሲሉ አመስግኑና ጠይቁ። የዚያ አገር ማሽን፣ ሌዘሩ በተለይ፣ በ110 ቮልት የሚሠራ ሊሆን ይችላል። ካርትሪጁም በአህጉር የተለየ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ የሚሸጠውን አልቀበልም ይላል። ስጦታው ሸክም እንዳይሆን።

ስለዚህ ባጭሩ፦ በወር አምስት ስድስት ገጽ ብቻ ለሚያትም ቤተሰብ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ምንም አትግዙ። በስልክ ስካን አድርጉ፣ ለማተም ሰፈር ያለው ኮፒ ቤት ይብቃችሁ። እሱም ይኑርበት። ጥቁር ጽሑፍ ብቻ አልፎ አልፎ ለሚያትም፣ መብራቱ ደህና ለሆነ፣ ኮፒና ስካን ያለው ጥቁር ሌዘር። በየሳምንቱ ለሚያትም፣ ቀለምም ለሚፈልግ፣ ታንከር ያለው። ትንሿ ካርትሪጅ ያላት ርካሿ ማሽን? እሷ የምትሆነው ሒሳቡን ሠርቶ፣ ዐውቆ ለገባበት ሰው ብቻ ነው።

ለተማሪዬ ታንከሩን ነው የመከርኳት። ሥራዋ የየቀን ነው፣ የልጆቹ ወርክሺት ቀለም ይፈልጋል፣ ሰፈሯም መብራት ይጠፋበታል። ስልክ ላይ ሁሉንም ካስረዳኋት በኋላ ዝም አለችና፣ «ጋሼ፣ ማሽኑ ግን ከበፊቱ በጣም ይወደዳል» አለችኝ። ትክክል ናት። እዚህ ላይ ታሪኩ አያጽናናም። ወጪው ፊት ለፊት ሲመጣ፣ ፊት ለፊት የሚከፍል ገንዘብ ያለው ነው የሚጠቀመው። ያ የሌለው ሰው ዛሬም ስድሳውን ካርትሪጅ አንድ በአንድ ይገዛል፤ ርካሽ ስለሆነ ሳይሆን፣ አንዷን ካርትሪጅ የምትገዛ ብር ብቻ በእጁ ስላለች። ድሃ በችርቻሮ ነው የሚኖረው፤ ችርቻሮ ደግሞ ውድ ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ አብረን ልንሄድ ተቀጣጥረናል። ልዩነቱን እኔ አበድራታለሁ፤ ከወርክሺቱ ገቢ ቀስ እያለች ትመልስልኛለች። እምቢ ብላ ነበር፤ «ያን ቀን ታክሲ ውስጥ ሆኜ የሰጠሁሽ ምክር ዕዳዬ ነው» ስላት ተቀበለችኝ።

ከናንተ ውስጥ በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ በተለይ ጥገና የምታውቁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ከቅዳሜ በፊት ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። የተሳሳትኩትን አርሙኝ። እናንተን ስንቴ በቀይ እስክሪብቶ አርሜያችኋለሁ፤ ተራው የናንተ ይሁን።

ሰላም ዋሉ።